የትምህርት ምርጫ ቅጹ ከመመለሱ በፊት

ካኩማ አንድ፣ ሀበሻ ገበያ ውስጥ ስልክ የሚጠግን አንድ ወጣት ጎረቤት አለኝ። የተሰነጠቀ ስክሪን ይቀይራል፣ የሞተ ባትሪ ያስነሳል፣ ሶላር ከፓኔሉ እስከ አምፖሉ ድረስ ይዘረጋል። እጁ የተባረከ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአራተኛ ፎርም ፈተናውን፣ ማለትም ኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. የሚባለውን ተፈትኖ ሲ ፕላስ አመጣ። ሲ ፕላስ ማለት ለዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሚያበቃው ዝቅተኛው ውጤት ነው። እናቱ ቡና አፈሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለው።

ሐሳቡ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ነበር። ለማመልከት ሲሄድ ግን የውጤት ወረቀቱ ላይ ፊዚክስ የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛ ፎርም ሲጨርስ ጥሎታል። ለምን እንደጣለው ጠየቅኩት።

«አንድ ተርም ሙሉ የፊዚክስ አስተማሪ አልነበረንም። ጓደኞቼም ሲ.አር.ኢ. ይቀላል አሉኝ። በቃ ጻፍኩት።»

በዚያ ቀን ቅጹን ለመሙላት አምስት ደቂቃም አልፈጀበትም። ዛሬም ያው ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሰው ስልክ ይፈታል።

ዘንድሮ ታናሽ እህቱ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት እናትየው አንድ የታጠፈ ወረቀት በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ቤቴ መጡ። «እስቲ እየው ልጄ፣ አንተ ያስተማርክ ሰው ነህ። ይቺም እንደ ወንድሟ እንዳትሆንብኝ» አሉኝ። ወረቀቱ የትምህርት መስመር መምረጫ ነው። እትዬ ብቻቸውን አይደሉም፤ በየብሎኩ ይህን ወረቀት ይዞ ግራ የገባው ወላጅ ብዙ ነው። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ለእሳቸው ያልኩትን ለሁላችሁም ላድርሰው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአሁኑ ጊዜ በኬንያ ሁለት ሥርዓት ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። አሮጌው 8-4-4 ይባላል፤ ስምንት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2023 ነው። እነዚያ ልጆች በ2024 መጀመሪያ ፎርም አንድ ገቡ፤ በአሮጌው ሥርዓት የመጨረሻዎቹ የኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. ተፈታኞች እነሱ ሲሆኑ ተራቸውም 2027 ነው። አዲሱ ደግሞ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሦስት ዓመት ጁኒየር፣ ሦስት ዓመት ሲኒየር ነው። የመጀመሪያዎቹ የአዲሱ ሥርዓት ልጆች በ2025 መጨረሻ የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ወስደው በ2026 ዐሥረኛ ክፍል ጀምረዋል። እንግዲህ አንድ ቤት ውስጥ ታላቅየው «ፎርም» ታናሽየው «ግሬድ» ሲሉ ብትሰሙ አትደነቁ።

ከአገር ቤት ትምህርት ጀምሮ ለመጣ ሰው አንድ ነገር እንግዳ ይሆንበታል። እኛ ጋ አስራ አንደኛ ክፍል ሲደረስ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይ ማኅበራዊ ሳይንስ ተብሎ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ትምህርቶቹ ተደርድረው ይጠብቁሃል። በኬንያው አሮጌ ሥርዓት ግን ተማሪው እያንዳንዱን ትምህርት ለየብቻው ይመርጣል፣ ይጥላል። የማይጣሉት ሦስት ብቻ ናቸው፦ እንግሊዝኛ፣ ስዋሂሊና ሒሳብ። ከባዮሎጂ፣ ከኬሚስትሪና ከፊዚክስ ቢያንስ ሁለቱን መያዝ አለበት። ከዚያ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ ወይም የሃይማኖት ትምህርት፤ ቀጥሎ ግብርና፣ ቢዝነስ፣ ኮምፒውተርና የመሳሰሉት። ቢያንስ ሰባት ትምህርት ይፈተናል።

ስዋሂሊን እናንሳ፤ ልጆቻችን የሚያለቅሱበት እሱ ነውና። ዐሥራ አራት ዓመት ሞልቶት ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ ሒሳቡን ያውቀዋል፣ እንግሊዝኛውንም እንደምንም ይገፋዋል። ስዋሂሊው ግን ከዜሮ ነው። ፈተናው ሦስት ወረቀት አለው፤ ኢንሻ የሚሉት ድርሰት ከ40፣ ሉጋ የሚሉት ሰዋስው ከ80፣ ፋሲሂ የሚሉት ሥነ ጽሑፍ ከ80። በገበያ ስዋሂሊ፣ በቦዳ ቦዳ ስዋሂሊ አይታለፍም። የሰዋስዉ ወረቀት ዋና ቀንበር የስሞች ምድብ ነው። ጥሩ መጽሐፍ ስትል «ኪታቡ ኪዙሪ» ነው፤ ሲበዛ ሁለቱም ይለወጡና «ቪታቡ ቪዙሪ» ይሆናል። ልጅ ሲሆን ደግሞ «ምቶቶ ምዙሪ»፣ «ዋቶቶ ዋዙሪ»። ቅጽሉ ስሙን እየተከተለ ልብሱን ይቀይራል።

ታዲያ የሚያግዘን ነገርም አለ። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደ እኛ ነው። «ሳአ ምቢሊ አሱቡሂ» ማለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ነው፤ ፈረንጁ ስምንት የሚለውን። እንግሊዝኛ ሲማሩ ስድስት ሰዓት እየቀነሱና እየጨመሩ የሚሰቃዩ ልጆቻችን እዚህ ላይ እፎይ ይላሉ። ስኳሩ «ሱካሪ»፣ ሻዩ «ቻይ»፣ ሰባቱ «ሳባ» ነው። («ኤልፉ» ግን ሺህ ነው፤ የእኛ እልፍ ዐሥር ሺህ ነውና ገበያ ላይ እንዳያምታታችሁ።) እኔ ራሴ ስመጣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቋንቋውን ሸሽቼ ኖሬ፣ በኋላ ነው በሰዓቱ በኩል የገባሁበት።

አንድ ወሬ በተማሪዎች መካከል ይናፈሳል፤ «ስዋሂሊ አይቆጠርም» የሚል። ግማሹ እውነት ነው። እስከ 2022 ድረስ ሦስቱም ዋና ትምህርቶች አማካይ ውጤቱ ውስጥ ይገቡ ነበር። ከ2023 ፈተና ጀምሮ ግን የግድ የሚቆጠሩት ሒሳብና አንድ ቋንቋ ናቸው፤ ቀሪዎቹ አምስት ተማሪው የተሻለ ያመጣባቸው ናቸው። እንግሊዝኛው የተሻለ ከሆነ ስዋሂሊው አያወርደውም ማለት ነው። መፈተኑ ግን አይቀርም። እንግሊዝኛው ቢበላሽበትስ በምን ይተካው? ሁለት ገመድ ያለው ሰው አንዱን በገዛ እጁ መቁረጥ የለበትም።

ሒሳብ ሁለት ወረቀት ነው፤ እያንዳንዱ ከ100 የሚታረም፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ። በየወረቀቱ መጀመሪያ ዐሥራ ስድስት አጫጭር ጥያቄ አለ፤ ሁሉም ግዴታ ነው፣ 50 ነጥብ ይይዛል። ቀጥሎ ከስምንት ረዣዥም ጥያቄዎች አምስቱን መርጦ መሥራት ነው። ብዙ ልጅ ረዣዥሞቹ ላይ ሲታገል ሰዓቱ ያልቅና አጫጭሮቹን ሳይጨርስ ይወጣል፤ ይህን አስተማሪ ሆኜ በዓይኔ ያየሁት ነው። ሌላው ችግር ቁጥሩ ሳይሆን እንግሊዝኛው ነው። ለምሳሌ «ሃየር ፐርቼዝ» የሚባል ጥያቄ አለ። አንድ ቴሌቪዥን በካሽ 24,000 ሺሊንግ ነው፤ አለዚያ 6,000 አስቀድሞ፣ ከዚያ በወር 2,000 ለ12 ወር። ድምሩ 30,000 ይመጣል፤ ጭማሪው 6,000፣ ማለትም ከካሽ ዋጋው 25 በመቶ። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ሳቁ። «ይሄማ ዱቤ ነው፤ እኔስ በቃሌ እሠራዋለሁ» አሉ። ልጅቷ ግን ክፍል ውስጥ ቃሉን ሳታውቀው አልፋዋለች።

ወደ ሳይንሱ ስንመጣ፣ የሚፈራው ትምህርቱ ራሱ አይደለም። የኬሚስትሪን ፈተና ተመልከቱ፤ ሁለቱ ወረቀቶች እያንዳንዳቸው ከ80 ናቸው፣ ሦስተኛው ከ40 ሲሆን በእጅ የሚሠራ ነው። ፈሳሽ በቢሬት ጠብ እያደረጉ ቀለሙ የሚለወጥባትን ጠብታ መያዝ ነው። ቤተ ሙከራው ባዶ በሆነበት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ቢሬት በእጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዘው በፈተናው ቀን ይሆናል። ፊዚክስና ባዮሎጂም እንደዚሁ የእጅ ወረቀት አላቸው። በየካምፑ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ አስተማሪዎች እንደ እኛው ስደተኛ ሆነው በኢንሴንቲቭ የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱ ሪሰትልመንት ሲደርሰው ወይም የተሻለ ሥራ ሲያገኝ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። ልጆቹም አስተማሪ የሌለውን ትምህርት ይጥላሉ። የጎረቤቴ ልጅ ታሪክ ይኸው ነው፤ ልጁ ሰንፎ አይደለም።

ታሪክ፣ ጂኦግራፊና የሃይማኖት ትምህርት ላይ ብዙ አልልም፤ ጥሩ ነጥብ ያመጣሉ፣ ሕግም ሆነ መምህርነት ለሚያስብ ያስፈልጋሉ። ነገር ግን አማካይ ውጤትን ከፍ ማድረግ አንድ ነገር ነው፣ በር መክፈት ሌላ ነገር ነው። ብዙ ወላጅ የማያውቀው ይህንን ነው። ኤ 12 ነጥብ፣ ኢ 1 ነጥብ ሆኖ ሰባቱ ትምህርት ሲደመር ከፍተኛው 84 ነው። ዩኒቨርሲቲ ግን ድምሩን ብቻ አያይም። «ክላስተር» የሚሉት አለ፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ አራት ትምህርቶችን ለይቶ ከ48 ነጥብ ያያል። ለምህንድስና ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የግድ ናቸው። ለሕክምና ባዮሎጂና ኬሚስትሪ። ያልተማርከው ትምህርት ዜሮ እንኳን የለውም፤ ቦታው ባዶ ነው።

ለነፃ የትምህርት ዕድልም ነገሩ ያው ነው። የጀርመን መንግሥት ዋና ደጋፊ የሆነበትና በዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. በኩል የሚሰጠው ዳፊ ከ1992 ጀምሮ፣ ስደተኞችን ወደ ካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወስደው የደብሊው.ዩ.ኤስ.ሲ. ፕሮግራም ደግሞ ከ1978 ጀምሮ አሉ። ሁለቱም የሁለተኛ ደረጃ ውጤት ይጠይቃሉ፣ ተወዳዳሪውም ብዙ ነው። ዕድሉ ቢገኝ እንኳን የምትገባበትን ክፍል የሚወስነው ያ የቆየ ቅጽ ነው።

አሁን ወደ እትዬ ወረቀት እንመለስ። በአዲሱ ሥርዓት ምርጫው ቀደም ብሎ መጥቷል። በፊት ልጁ ሁለት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ቀምሶ ነበር የሚመርጠው፤ አሁን ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ነው። መስመሮቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ስቴም የሚባለው፣ ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ፤ ሁለተኛው ማኅበራዊ ሳይንስ፤ ሦስተኛው ሥነ ጥበብና ስፖርት። ሁሉም ተማሪ የሚወስደው እንግሊዝኛ፣ ስዋሂሊ ወይም የኬንያ የምልክት ቋንቋ፣ ሒሳብ እና የማኅበረሰብ አገልግሎት ትምህርት ነው። ከዚህ በላይ ከመስመሩ ሦስት ትምህርት ይመርጣል።

እዚህ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። ሒሳቡ ሁለት ዓይነት ሆኗል። ስቴም የገባው «ኮር» የሚባለውን ዋናውን ሒሳብ ይማራል፤ ሌላው «ኢሴንሻል» የሚባለውን፣ ለዕለት ኑሮ የሚበቃውን ቀለል ያለ ሒሳብ። ልጅ ሆኖ ቀላሉን የማይመርጥ የለም፤ እኔም ብሆን እመርጥ ነበር። ስለዚህ «ልጄ የወደደችውን ትምረጥ» ብሎ መተው ለእኔ ደግነት አይመስለኝም። ልጅቷ የምታውቀው ዛሬ የሚከብዳትን ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ የሚጠየቀውን አታውቅም። በሌላ በኩል አባትየው ዶክተር እንድትሆንለት ስለፈለገ ብቻ ስቴም ውስጥ መክተትም ሌላ በደል ነው።

እና ቅጹ ከመመለሱ በፊት ወደ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ልጃችሁ ልትገባበት ያሰባችሁት ሲኒየር ትምህርት ቤት ያን መስመር ይሰጣል ወይ? ሁሉም ትምህርት ቤት ሦስቱንም አይሰጥም። ለዚያ ትምህርት ዛሬ፣ አሁን፣ ክፍል ውስጥ የቆመ አስተማሪ አለ ወይ? ቤተ ሙከራውስ ይከፈታል ወይስ ቁልፉ የጠፋ ነው? እንግሊዝኛ አልችልም ብላችሁ አትቅሩ፤ ከኮሚዩኒቲው አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ከእትዬ ጋር ሄጃለሁ፤ ርዕሰ መምህሩ ወንበር ሰጥተው ነው ያነጋገሩን።

ማክሰኞ ማታ እነሱ ቤት ተሰብስበን ነበር። ልጅቷ ነርስ መሆን ነው የምፈልገው አለች። ስቴም ተጻፈ። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ ክርክር አልነበረም። ሦስተኛው ላይ ግን እሷ ግብርና አለች፤ እናቷ ጓሮ ያስለመዷት ጎመንና ቃሪያ አላት፣ ትወደዋለች። ወንድሟ እጁ ላይ የተፈታ ስልክ ይዞ ጥግ ተቀምጦ ነበር፤ ቀና ሳይል «ፊዚክስ አድርጊው» አላት።

«አንተስ ጥለኸው የለ እንዴ?» አለችው።

«ለእሱ ነው የምልሽ።»

እትዬ ወደ እኔ አዩ፣ እኔ ወደ ልጅቷ። ነርስነቱ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ካለ በግብርናም ይሄዳል፤ ፊዚክሱ ደግሞ ሐሳቧን ብትለውጥ ሌላ በር ይተውላታል። ይህንኑ ነገርኳት፤ ሌላ አልጨመርኩም። ቡናው ሦስተኛው ሲቀዳ እርሳሷን አስቀምጣ ወረቀቱን አጠፈችው። ቅጹ የሚመለሰው ሐሙስ ነው።