በኅብረት ስለ መሥራትና ስለ መምራት

ሰዎች ለአንድ ሥራ በተባበሩ ጊዜ ኀይላቸው እንደሚበዛ የማያውቅ የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች ተረትም ይህንኑ ያስረዳል። ነገር ግን መሰብሰብ ብቻውን ኅብረት አይደለም፤ ድሩ ሳይገመድ ቢከመር አንበሳን ቀርቶ ጥጃን አያስርም። ስለዚህ ኅብረት በምን እንደሚጸናና በምን እንደሚፈርስ መመርመር ሥራ ለሚመሩ ሁሉ ተገቢ ነው።

ለዚህ ምርመራ የሚረዳ አንድ የትምህርት ቤት ልምምድ አለ። ያሰበው ፒተር ስኪልማን የተባለ የንድፍ ባለሙያ ሲሆን፥ በዓለም ያስታወቀው ቶም ዉጄክ ነው። ዉጄክ ልምምዱን ወደ 70 በሚጠጉ ጉባኤዎች አሠርቶ ያየውን በ2002 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ2010) በአደባባይ ተናግሯል። ሥርዐቱም እንዲህ ነው። አራት አራት ሆነው ለተከፈሉ ሰዎች 20 ዘንግ ጥሬ ፓስታ፥ አንድ ያርድ ፕላስተር፥ አንድ ያርድ ሲባጎ፥ ደግሞም ማርሽማሎ የተባለ ከስኳር የተሠራ አንድ ለስላሳ ጣፋጭ ይሰጣቸዋል። በ18 ደቂቃ ውስጥ ያለ ድጋፍ የሚቆም ማማ ይሠራሉ፤ ጣፋጩም ከጫፉ ላይ ይቀመጣል። ከሁሉ ረጅሙን ያቆመ ያሸንፋል።

ዐዋቂዎቹ በሥራው መጀመሪያ ማን አለቃ እንደሚሆን ይፎካከራሉ። ከዚያ በኋላ ዕቅድ ያወጣሉ፥ በወረቀት ይነድፋሉ፥ ፓስታውን ሲያያይዙም አብዛኛውን ጊዜ ይጨርሳሉ። በመጨረሻዪቱ ደቂቃ ጣፋጩን ባስቀመጡ ጊዜ ማማው ጎብጦ ይወድቃል። በእጅ ሲይዙት የቀለለው ጣፋጭ ለቀጭኑ ፓስታ ከባድ ሸክም ነውና። ዝቅተኛ ውጤት ካገኙት መካከል ከንግድ ትምህርት ቤት አዲስ የተመረቁት ይገኛሉ፤ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ግን በለጧቸው። ሕፃናቱ ለአለቅነት አይሻሙም፤ ጣፋጩንም ከመጀመሪያው አንሥተው በትንሹ ማማ ላይ ይጭኑታል፥ ሲወድቅ ያርማሉ፥ ዳግመኛም ይሞክራሉ። ስሕተታቸውን የሚያዩት ገና ጊዜ ሳለ ነው።

የድርጅት ሥራ አስኪያጆች ብቻቸውን በሠሩ ጊዜ ከመካከለኛው ውጤት ጥቂት ብቻ በለጡ፤ የጽሕፈት ረዳት በተጨመረላቸው ጊዜ ግን እጅግ ከፍ አሉ። የሰዎችን ሥራ ማያያዝና ጊዜን መጠበቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነውና። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር ባየው ጊዜ ሸክሙን ለታመኑ ሰዎች እንዲያካፍል መክሮታል፤ ሙሴም ያን ያህል ታላቅ ሲሆን ምክሩን አልናቀም።

ደግሞም አንድ ጊዜ 10 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ሽልማት ለአሸናፊው ቀረበ። ከተወዳደሩት 10 ቡድኖች ግን የቆመ ማማ ያሳየ አንድ እንኳ አልተገኘም። እነዚያው ተማሪዎች ከአራት ወር በኋላ፥ አስቀድሞ የመሞከርን ጥቅም ተረድተው፥ መልካም ውጤት አገኙ። ሽልማት ትጋትን ያነሣሣል እንጂ ያልተማሩትን ጥበብ አይሰጥም።

ይህ ነገር ጨዋታ ቢመስልም በመሥሪያ ቤት ከሚታየው አይለይም። አዲስ ደንብ በአዳራሽ ተነድፎ፥ በማኅተም ጸንቶ፥ ከባለጉዳዩ ጋር የሚገናኘው በመጨረሻ ነው። ከሩቅ ወረዳ የመጣው ገበሬ የተጠየቀውን ማስረጃ ከየትም ሊያገኝ እንደማይችል የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። በጨዋታው የሚሰበረው ፓስታ ነው፤ በመሥሪያ ቤት የሚባክነው ግን የመንግሥት ገንዘብና የድኻው ዕድሜ ነው። ደንቡ አስቀድሞ በአንድ ወረዳ ቢፈተን፥ መዝገብ ቤቱና ባለጉዳዩም ቢጠየቁ፥ ጉድለቱ በጥቂት ድካም በታረመ ነበር።

ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ወንጌል ያስተምራል። ሸክሙን አስቀድሞ መፈተንም ከዚሁ ቍጥር የሚገባ ነው። እንግዲህ የመሥሪያ ቤት ሹምም ሆነ የደብር አስተዳዳሪ፥ ጉድለትን አስቀድሞ የሚነግረውን የበታች ሠራተኛ እንደ ደፋር ሳይሆን እንደ ረዳት ሊቈጥረው ይገባል። ጉድለት ሳይነገር ቢቀር አይጠፋም፤ ሥራው ካለቀ በኋላ በሕዝብ ፊት ይገለጣል እንጂ።