አዩብ ባይሞት ኖሮ

በረመዳን ምሽት ሾርባውና ሳምቡሳው ተነስቶ የተራዊሕ ሰዓት እስኪደርስ ባለችው አጭር ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ለልጆች ታሪክ ያወራሉ። ከሚደጋገሙት ታሪኮች አንዱ የኸሊፋ ዑመር ቢን አብዱልዓዚዝ ነው። የመንግሥት ሥራ ሲሠሩ የመንግሥቱን መብራት ያበራሉ፤ የግል ጉዳይ ሲመጣ ደግሞ ያንን አጥፍተው የራሳቸውን ይለኩሳሉ። በዘመናቸው ዘካ ሰብሳቢው ዘካውን ይዞ ቢዞር የሚቀበለው ድሃ አጣ ይባላል።

ይህን ታሪክ ያልሰማ ሙስሊም ጥቂት ነው። ዑመር ለዚያ ሥልጣን የታጩ ሰው እንዳልነበሩ ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ወራሹ ሌላ ነበር፤ ስሙም አዩብ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ715 የኡመያው ኸሊፋ ወሊድ ሲሞቱ ወንድማቸው ሱለይማን ቢን አብዱልመሊክ ሥልጣኑን ያዙ። ሱለይማን ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው አዩብ እንዲተካ ወሰኑ። አዩብ ግን በ717 ገና በወጣትነቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ሱለይማን በሰሜን ሶሪያ ዳቢቅ በተባለች ቦታ ሰፍረው ሳሉ ታመሙ። ጦራቸው በወንድማቸው በመስለማ መሪነት ቁስጥንጥንያን ከቦ ነበር።

በአልጋቸው አጠገብ አማካሪያቸው ረጃእ ቢን ሐይዋ ነበሩ። ሱለይማን ስለ ሌላው ልጃቸው ስለ ዳውድ አነሱ። ረጃእም ዳውድ ሩቅ ጦር ሜዳ ላይ እንዳለ፣ በሕይወት መኖሩም እንደማይታወቅ አስታወሱ። የቀሩት ልጆች ሕፃናት ነበሩ። ያን ጊዜ ረጃእ የሱለይማንን የአጎት ልጅ፣ የእህታቸውንም ባል ዑመር ቢን አብዱልዓዚዝን አቀረቡ። ዑመር የመዲና አስተዳዳሪ የነበሩ፣ በእናታቸው በኩል የታላቁ የዑመር ቢን አልኸጣብ ዘር የሆኑ ሰው ናቸው።

የሱለይማን ወንድሞች እንዳይቆጡ ከዑመር ቀጥሎ ወንድማቸው የዚድ እንዲነግሥ በደብዳቤው ውስጥ ተጻፈ። ደብዳቤው ታሸገ። ቤተሰቡም ስሙን ሳያውቅ በውስጡ ላለው ሰው ቃል ገባ። ሱለይማን ሲሞቱ ደብዳቤው ተከፈተ። የዑመር ስም ሲነበብ ከሁሉ በላይ የደነገጡት ራሳቸው ዑመር እንደነበሩ ይተረካል።

በእስልምና ያለፈን ነገር እያሰቡ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ማለት የሸይጧንን በር እንደሚከፍት ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያው ለጸጸትና በቀደር ላይ ለማጉረምረም ነው። እኛ ጥያቄውን የምናነሳው የተሰጠንን ለማወቅ ነው። አዩብ ባይሞት ኖሮ ምን ይቀር ነበር?

ስለ አዩብ ክፉ ለመናገር አይደለም። ነገር ግን አዩብ ቢኖር ሥልጣኑ ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል፤ ዑመርም ምክራቸው ሲፈለግ የሚጠሩ፣ ሳይፈለግ የሚተዉ ዘመድ ሆነው ይቀሩ ነበር። ቁስጥንጥንያን ከቦ በረሃብና በብርድ ያለቀው ጦር በዑመር ትእዛዝ ባይመለስ ኖሮ የስንቱ ልጅ በዚያው ይቀር ነበር? እስልምናን የተቀበሉ አረብ ያልሆኑ ሕዝቦች እንደ ቀድሞው ጂዝያ ይጠየቁ ነበር፤ ይህን ያስቀሩት ዑመር ናቸው። በሚንበር ላይ ዓሊን (ረ.ዐ) መስደብ የአገር ልማድ ሆኖ ይቀጥል ነበር፤ ያንንም የከለከሉት እርሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ፋጢማ የኸሊፋ ልጅ፣ የኸሊፋም እህት ነበሩ። ጌጣቸውን ወደ በይተልማል የመለሱት በዚሁ ዘመን ነው።

እንግዲህ የአንድ ወጣት ሞት ለአባቱ ሐዘን፣ ለሕዝቡ ግን በር ሆነ። ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ዑመርም ልጅ ነበራቸው።

ልጃቸው አብዱልመሊክ ይባላል። ዑመር ሱለይማንን ቀብረው፣ ደክሟቸው፣ እስከ ዙህር ጥቂት ሊተኙ ሲሉ ይህ ልጅ መጥቶ የተበደሉት ሰዎች ንብረት ሳይመለስ እንዴት እንደሚተኙ ጠየቃቸው ይባላል። ከዙህር በኋላ እንደሚያደርጉት ሲነግሩትም እስከ ዙህር እንደሚኖሩ ማን ዋስ እንደሆናቸው ጠየቀ። አባትየው ተነሡ። ልጁ ማሻሻያው ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲፈጸም ሲቸኩል፣ አባት ደግሞ ሕዝብ በአንዴ የተጫነበትን በአንዴ እንዳይጥለው ይሰጉ ነበር። ሁለቱም ለአንድ ነገር ይደክሙ ነበር።

አብዱልመሊክም ከአባቱ ቀድሞ በወጣትነቱ ሞተ። ዑመር በእጃቸው ቀበሩት። እርሳቸውም በ720 ገና አርባ ዓመት ገደማ ሳሉ አረፉ፤ ተመርዘው ነው የሚሉ ዘገባዎች አሉ። የነገሡት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ በቅጡ አይሞላም።

አብዱልመሊክ ቢኖርስ? እዚህ ላይ ያ የታሸገ ደብዳቤ ይመጣል። ዑመርን ያነገሠው ወረቀት ከእርሳቸው በኋላ የዚድን ጽፏል። ልጁ ቢኖር እንኳ መንገዱ ተዘግቶበታል። የዚድም በተቀመጡበት ዘመን የዑመር ማሻሻያዎች አብዛኞቹ ወደ ነበሩበት ተመለሱ። ሠላሳ ዓመት ሳይቆይ፣ በ750፣ የኡመያ መንግሥት በአባሲዶች ወደቀ። አሸናፊዎቹ የኡመያ ኸሊፋዎችን መቃብር ሲቆፍሩ የዑመርን ሳይነኩ እንዳለፉ ይተረካል።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ፍትሕ በአንድ ሰው ዕድሜ ላይ ብቻ ከቆመች ዕድሜዋ የዚያ ሰው ዕድሜ ነው። ከዑመር ሥራ ጸንቶ የቀረው ወደ ብዙ ሰው እጅ የገባው ነው። ዑለማዎች ሞተው ዕውቀቱ እንዳይጠፋ ሐዲስ ተሰብስቦ እንዲጻፍ ለመዲናው አቡበክር ቢን ሐዝም ጽፈው ነበር፤ ኢብን ሺሃብ አዝ-ዙህሪም በዚህ ሥራ ተሰማርተዋል። የዚድ መሬቱንና ግብሩን መመለስ ችለዋል፤ ተጽፎ በደረሳዎች እጅ የተበተነውን ግን ማንም ሊመልሰው አልቻለም። በዚህ ረመዳን በየመስጊዱ ሐዲስ ስንሰማ የዚያ ትእዛዝ ፍሬ ይደርሰናል።

ታላቅ መሪ ስናጣ «እሱ ቢኖር ኖሮ» ማለት ይቀናናል። አላህ የሚጠይቀን ግን በሌለው ሰው ሳይሆን በእጃችን ባለው ነው። ያልተመለሰ የሰው ገንዘብ፣ ያልወጣ ዘካ፣ ያልተከፈለ የሠራተኛ ደሞዝ በየቤታችን አለ። ከዒድ በኋላ ይደርሳል እንላለን። ያ ወጣት አባቱን የጠየቀው ጥያቄ ለእኛም ነው፤ እስከዚያ እንደምንኖር ማን ዋስ ሆነን?