አሮጌ የእጅ ሰዓትን በርካሽ ስለ መግዛት

በመርካቶ መተላለፊያ ጨርቅ አንጥፈው፣ ወይም በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን ጠፍጣፋ ሣጥን ከፍተው፣ ያገለገለ የእጅ ሰዓት በሚሸጡ ሰዎች አጠገብ ከሚያልፈው ሕዝብ መካከል ጐንበስ ብሎ የሚመለከተው ጥቂት፣ ከሚመለከተውም ውስጥ የሚያየውን የሚያውቀው ከጥቂቱም ጥቂት መሆኑ ዘወትር ያስቈጨኛል፤ በዚያ ሣጥን ውስጥ፣ ከጭረቱና ከደረቀው ላብ በታች፣ ሠላሳና አርባ ዓመት አገልግሎ ገና ብዙ ዘመን የሚቀረው ሥራ ተኝቶ ይገኛልና። እኔ ርካሽ የምለው ሰዓት፣ ነውሩ በገዢው ዐይን ከባድ፣ በሰዓት ሠሪው ጠረጴዛ ላይ ግን ቀላል የሆነውን ነው። ስለዚህ የዚህ ገበያ ጥበብ ከክርክሩ ይልቅ ነውርን ከነውር በመለየት ላይ የቆመ ነው።

ሰዓት በባትሪ ወይም በሞላ ይሠራል፤ የሞላውም በእጅ የሚሞላና በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ተብሎ ይከፈላል፤ ይህን የማያውቅ ስለሌለ አልፈዋለሁ። የጃፓኑ ሴኮ ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታኅሣሥ 25 ቀን 1969 በኳርትዝ የሚሠራውን የመጀመሪያ የእጅ ሰዓት ለሽያጭ ካቀረበ በኋላ፣ ባትሪው በትክክለኛነትም በዋጋም ሞላውን ድል ስለ ነሣው፣ የሞላ ሰዓት በብዙ ቤት ከመሳቢያ ወደ መሳቢያ ሲንከራተት ኖሮ በመጨረሻ ወደ ሣጥኑ ነጋዴ ይደርሳል።

ለጀማሪ ገዢ የምመክረው ያንኑ ሴኮ 5 የተባለውን ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1963 ጀምሮ ሲሠራ የቈየ ነው፤ 5 የተባለውም ራሱን ስለሚሞላ፣ ዕለትንና ቀንን በአንድ መስኮት ስለሚያሳይ፣ ውኃን ስለሚከላከል፣ መሙያው ከጐኑ ገባ ብሎ በ4 ቁጥር አጠገብ ስለሚገኝ፣ አካሉና ማሰሪያውም ጠንካራ ስለ ሆነ ነው። የዕለቱ ስም በዐረብኛ ጭምር የተጻፈበት ካገኙ፣ ሰዓቱ መጀመሪያ ለዐረብ አገሮች ገበያ ተዘጋጅቶ እንደ ነበር ይወቁ። በዚህ ሰዓት ላይ ገዢው ሁሉ የሚፈጽመው አንድ ስሕተት አለ፤ መሙያውን ይዞ ደጋግሞ ያዞርና «ሞላው ተበጥሷል» ብሎ ይመልሰዋል። እጅግ የተስፋፉት 7009 እና 7ኤስ26 የተባሉት ሞተሮች ግን በመሙያ እንዲሞሉ ከመጀመሪያውም አልተሠሩም፤ ሰዓቱን ጠፍጣፋ ይዞ በቀስታ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ይበቃል። ሻጩም ራሱ ይህን ካላወቀ (ብዙ ጊዜ አያውቅም) ዋጋው በዚያው ይወድቃል።

ስለ ድንጋዩም ጥቂት ልበል፤ ነጋዴው «ባለ 21 ድንጋይ ነው» ሲል ገዢው ዕንቍ የገዛ ይመስለዋልና። ብረት በብረት ላይ ሲዞር ስለሚበላ፣ የመንኰራኩሮቹ ጫፍ በተበሳ ቀይ ዕንቍ ውስጥ እንዲዞር ተደረገ፤ ይህንም ጥበብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1704 ኒኮላ ፋትዮ ከባልንጀሮቹ ጋር በሎንዶን የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ነገር ግን ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርኔይ በ1902 ቀይ ዕንቍን በእሳት ነበልባል የሚሠራበትን መንገድ ከገለጠ ወዲህ፣ በሰዓት ውስጥ ያለው ድንጋይ የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ዋጋውም ከምንም አይቈጠርም። በእጅ ለሚሞላ ተራ ሰዓት 17 ድንጋይ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ የሆነው እንደ ሞተሩ ዐይነት ወይ ይጠቅማል፣ ወይ ለወሬ ብቻ ይቀመጣል። ለድንጋይ ብዛት ገንዘብ የሚጨምር ገዢ ለሻጩ ምጽዋት እንደ ሰጠ ይቈጠርለት።

እንግዲህ ልቤ ወደሚወደው ነገር ልግባ፤ ይኸውም የቀን ቈጠራው ነው። በገጹ ሥር ከ1 እስከ 31 ያሉት ቁጥሮች የታተሙበት፣ በውስጥ በኩል ጥርስ ያለው ቀለበት አለ፤ አጭሩ ጠቋሚ ገጹን ሁለት ጊዜ ሲዞር እርሱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር ሌላ መንኰራኩር ደግሞ ትንሽ ጣት ተሸክሞ ቀለበቱን በየዕለቱ አንድ ጥርስ ይገፋል። ጣቱ ጠቋሚው በ9 አካባቢ ሲደርስ ወደ ጥርሱ ይጠጋል፤ 12 አካባቢ ቀኑን ያዘልላል፤ እስከ 4 ድረስም ፈጽሞ አይላቀቅም። የፋብሪካው ሰዎች ይህን ሲያስቡ 12 ማለት እኩለ ሌሊት ነው ብለው ነው፤ ስለዚህም ጣቱ የሚሠራባቸውን ሰዓቶች ሰው በተኛበት ጊዜ ላይ ጥለው፣ ባለቤቱ በነዚያ ሰዓቶች መካከል ቀኑን በእጁ እንዳያዞር በመመሪያቸው አስጠነቀቁ።

የእኛ አገር ሰው ግን ሰዓቱን የሚሞላው በአገሩ ሰዓት ነው፤ በእርሱም ዘንድ 12 ቍጥር የፀሐይ መግቢያና መውጫ ነው። እንግዲህ ውጤቱን አስቡት። ጠቋሚው ወደ ማታው 12 እንዲሄድ ተደርጎ የተሞላ ሰዓት ቀኑን በምሽት መጀመሪያ ይለውጣል፤ ጣቱም ጥርሱን የያዘው ከቀትር በኋላ ከ9 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ይህ ደግሞ ሰው ነቅቶ፣ ቡና እየጠጣ፣ እጁን ሥራ ሲያጣ መሙያ የሚነካካበት ጊዜ ነው! በዚያ ላይ ቀኑን በአገራችን አቈጣጠር የሚያኖር ሰው፣ ወራቱ ሁሉ 30 ቀን ስለ ሆኑና ቀለበቱ 31 ስለሚያሳይ፣ በየወሩ መባቻ አንድ ጊዜ፣ ጳጕሜን ሲያበቃም እንደገና፣ በዓመት ዐሥራ ሦስት ጊዜ በእጁ ሊያስተካክለው ግድ ነው፤ ፈረንጁ አምስት ጊዜ ብቻ ይበቃዋል። ከጳጕሜን 5 ወደ መስከረም 1 ለመድረስማ ሰዓቱ ራሱ ወደ 6 ከዘለለ በኋላ እንኳ ቀለበቱን በእጅ 26 ጥርስ ማስሄድ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በምሽት፣ ጣቱ ጥርሱን በያዘበት ሰዓት፣ በኃይል የሚያደርግ ሰው የጣቱን ጫፍ ይሰብራል ወይም ይቈለምማል፤ ነገ ጧትም «ቀኑ አልዞር አለ» ብሎ ፋብሪካውን ይወቅሳል። ወንድሞቼ፣ ጥፋቱ የእናንተው ነው! መጀመሪያ ጠቋሚዎቹን ወደ ታች፣ ወደ 6 ቍጥር አውርዱ፤ ከዚያ በኋላ መሙያውን አንድ ደረጃ ስባችሁ ቀኑን አስተካክሉ፤ በመጨረሻም ሰዓቱን ወደ ቦታው መልሱ። ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

ቀኑ በማታው 12 ሲለወጥ አይቶ «ስድስት ሰዓት ቀድሞ ይዘላል» ብሎ ሰዓቱን የሚንቅ ገዢም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ኦሪት ዘፍጥረት ማታን አስቀድሞ ዕለትን እንደሚቈጥር፣ የእሑድም ዋዜማ ቅዳሜ ማታ እንደሚቆም ቢያስታውስ፣ ሰዓቱ ከእርሱ ይልቅ ሥርዐት ዐዋቂ ሆኖ ባገኘው ነበር። ከንጋት ጀምሮ መቍጠር የሚሻ ደግሞ ጠቋሚውን አንድ ሙሉ ዙር ወደ ፊት ቢያስኬደው ለውጡ ወደ ጧቱ 12 ይዛወርለታል፤ ሰዓት ሠሪም አያስፈልገውም። ቀኑ በእኩለ ሌሊት፣ በአገራችን 6 ሰዓት ላይ፣ እንዲለወጥለት የሚፈልግ ብቻ ነው ወደ ሠሪ የሚሄደው፤ ሠሪውም ጠቋሚዎቹን ነቅሎ፣ ቀኑ በሚዘልልበት ቅጽበት አጭሩን በ6 ላይ ይተክለዋል።

ይህን የመሰለ ሰዓት አንድ ጊዜ በሣጥን ውስጥ አጋጥሞኛል። ገጹ ሰማያዊ፣ መስታወቱ በጭረት የደከመ ሴኮ 5 ነበር፤ ወጣቱ ነጋዴም «ጋሼ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም፤ ይሄ ቀኑ በስድስት ሰዓት ነው የሚቀየረው፣ ውስጡ የተነካካ ነው» አለኝና ሳልጠይቀው ከዋጋው ሲሶውን ቀነሰልኝ። ጠቋሚውን ባዞረው በ12 ላይ ምንም የለም፤ በ6 ላይ ግን ዕለቱና ቀኑ ተከታትለው ዘለሉ። ጠቋሚዎቹ ሁለቱ አንድ ላይ ቀጥ ብለው በትክክል ይገጥሙ ስለ ነበር፣ የቀድሞው ባለቤት ዐውቆ ያስተከለው እንጂ በስሕተት የሆነ አልመሰለኝም። ነገሩን ለልጁ አስረዳሁት፤ «ታዲያ ለምን ቀነስኩ!» ብሎ ሣቀ፤ ሂሳቡን ግን አላፈረሰም፤ እኔም ለሐቀኛነቱ ጥቂት ጨመርኩለት።

ቀኑ ፈጽሞ የማይዞር ሰዓት ካገኛችሁም አትሽሹ። የተሰበረው ጣት ሰዓት ከመቍጠሩ ሥራ ጋር ግንኙነት የለውም፤ እንደ 7009 ባሉት ብዙ በተሠሩ ሞተሮች ላይ ደግሞ ዕቃውን ከሞተ ሰዓት ማውጣት ለሠሪው ቀላል ነው።

ከባዱ ነውር ውኃ ነው። ከመስታወቱ ሥር የጤዛ ፈለግ፣ በገጹ ላይ ሽፍታ የመሰለ ጠብታ፣ በመሙያው ሥር ዝገት ካያችሁ ዋጋው ቢረክስም እለፉት፤ ዝገት ከመንኰራኩር ወደ መንኰራኩር ይዛመታልና። ውኃን ይከላከላል የሚል ጽሑፍ በአዲስነቱ ላለው ላስቲክ የተነገረ ቃል ነው፤ ላስቲኩ ሲያረጅ ቃሉም ያረጃል፤ ሆኖም በአሮጌ ሰዓት ገላ የሚታጠብ ሰው አሁንም አልጠፋም።

ሁለተኛው ነውር አዲስ ቀለም ነው። በአሮጌ አካል ላይ እጅግ ያበራና ያሸበረቀ ገጽ ስታዩ ተጠራጠሩ፤ በሕንድ አገር በቦምቤይ አሮጌ ገጽን እንደገና ቀብተው የሚሸጡ ብዙ ናቸው። መፈተኛው በሰዓቱ ላይ ተጽፏል፤ በጀርባው ክዳን ላይ ካለው የሞዴል ቍጥር የመጀመሪያዎቹ አራት ምልክቶች የሞተሩ ስም ናቸው፤ በገጹም ግርጌ በደቂቅ ፊደል የሚጀምረው ቍጥር ከዚያ ጋር መስማማት አለበት። ከክዳኑ ተራ ቍጥርም የመጀመሪያው አኀዝ የተሠራበትን ዓመት የመጨረሻ አኀዝ፣ ሁለተኛው ወሩን ይናገራል፤ ለጥቅምት፣ ለኅዳርና ለታኅሣሥ የፈረንጅ ወራት ግን በአኀዝ ፈንታ ፊደል ይገባል። ዓመቱ በየትኛው ዐሥርት እንደ ሆነ ከሞተሩ ዐይነት ይገመታል። ለዚህ አጉሊ መነጽር መያዝ አያሳፍርም፤ ሻጩም ሲያይ ዋጋ መጨመሩን ይተዋል።

ስለ ባትሪው ሰዓት የምለው አጭር ነው፤ ቆሞ የተገኘውን ሁሉ ሞቷል ብለው በቍራሽ ብረት ዋጋ ይሰጡታልና፣ ክዳኑን አስከፍታችሁ ባትሪው ፈስሶ አረንጓዴ ዝቃጭ ካልተወ ግዙት። በማናቸውም ሰዓት ግን፣ ከመግዛታችሁ በፊት ለምታምኑት ሰዓት ሠሪ አሳይታችሁ የማሳደሻውን ሂሳብ ተዋዋሉ፤ ከተገዛ በኋላ የሚጠየቅ ሠሪ ዋጋውን የሚናገረው ፊታችሁን አይቶ ነው።