ባንክ ያላግባብ የቆረጠባችሁን ለማስመለስ

ባለፈው ለአንድ ገበሬ የስንዴ ብር ከሰንዳፋ በሞባይል ላኩ፤ አልደረሰውም፣ ብሩ ተመለሰ። የአገልግሎት ክፍያው ግን ቀረ። ደግሜ ስልክ ሌላ ክፍያ ተቆረጠ። በኩንታል የምናገኛት ኮሚሽን እንዲህ ነው የምታልቀው!

በቃል ስጠይቅ "ሲስተም ነው" አሉኝ። ስቴትመንት አስወጥቼ፣ ቀኑንና የግብይት ቁጥሩን ጠቅሼ በጽሑፍ አመለከትኩ፤ የኔ ኮፒ ላይም ማህተም አስመታሁ። ያኔ መለሱልኝ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ብሔራዊ ባንክ ያወጣው የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ አለ። ቅሬታ መጀመሪያ ለራሱ ለባንኩ ነው፤ ካልተፈታ ለብሔራዊ ባንክ።

ቫት 15 በመቶ የሚታሰበው በአገልግሎት ክፍያው ላይ እንጂ በላካችሁት ብር ላይ አይደለም፤ ክፍያው 20 ብር ከሆነ ቫቱ 3 ብር ነው። ሌላ ቆረጣ ካያችሁ ምን እንደሆነ አስረዱኝ በሉ።

የጤፍ ዋጋ ከሰዓት እለቃለሁ።