የበረት በርንና የመጫኛ ቦታን አርማታ ማልበስ፦ መቼ ያዋጣል? እንዴት ይሠራል?

ዝናብ ሲጥል ከበረቱ ሁሉ ቀድሞ የሚቦካው በሩ ነው። ኮቴውም ጎማውም የሚያልፈው በዚያችው ጥቂት ሜትር ላይ ነውና። አይሱዙው ጭቃ ይይዘዋል፣ ጭነቱ ያድራል፤ ሰንጋው ተንሸራቶ ይሰበራል ወይም እያነከሰ ይጫናል። የሚያነክስ እንስሳ ደግሞ በኳራንቲን ምርመራ ሊጣል ይችላል፤ ባይጣል እንኳ ዋጋው ይወድቃል። በሞያሌም ሆነ በመተማ፣ በቶጎ ውጫሌም ሆነ በገላፊ መስመር በረት ያለው ነጋዴ አርማታ ከማፍሰሱ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፦ ያዋጣል ወይ? እንዴትስ ይሠራል?

በመጀመሪያ ሒሳቡ

የሲሚንቶ ዋጋ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ወጪውን በብር ሳይሆን በሰንጋ አስሉት። ለምሳሌ ያህል ሥራው የ10 ሰንጋ ዋጋ ይፈጃል እንበል። በረቱ በዓመት 1,000 ሰንጋ ይጭናል፤ አርማታው ከሺህ 4 እንስሳ ከጉዳት ያድናል፤ የተጎዳ ሰንጋ ደግሞ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። በዓመት የሚተርፈው የ2 ሰንጋ ዋጋ ነው፤ ወጪው በ5 ዓመት ይመለሳል። በዓመት 200 ብቻ የሚጭን ሰው ግን በዚሁ ስሌት 25 ዓመት ይጠብቃል። እንዲህ ያለው ነጋዴ ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ የጋራ መጫኛ ቢሠራ ይሻለዋል። በ4ቱ ፈንታ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ፤ ያለፈው ዓመት መዝገባችሁ ይነግራችኋል።

በረቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ ውሉ ወጪው ከሚመለስበት ጊዜ ያነሰ እንደሆነ በሰው መሬት ላይ አርማታ አታፍስሱ። ወይም ወጪው ከኪራዩ እንዲታሰብ በጽሑፍ ተስማሙ።

የቱ ይልበስ?

መግቢያው፣ መጫኛውና የውኃ ገንዳው ዙሪያ ይበቃል። እንስሳቱ የሚተኙበትን ቦታ ተዉት። ጠንካራ ወለል ላይ ለቀናት የቆመ ከብት ኮቴውና ጉልበቱ ይጎዳል፤ ለመኝታ ከፍ ብሎ የተደለደለ ደረቅ አፈር ይሻላል።

መሬቱ

አብዛኛው አርማታ የሚሰነጠቀው ከሥሩ ነው። እንደ መተማ ባለ የዋልካ (መረሬ) አፈር ላይ መሬቱ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ ያለውንም አብሮ ይሰብራል። ስለዚህ ዋልካውን ቢያንስ ግማሽ ሜትር ቆፍራችሁ አውጡ። ገረጋንቲ እየሞላችሁ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ውኃ እያርከፈከፋችሁ ጠቅጥቁ። በአንድ ጊዜ ሞልቶ ከላይ ብቻ መጠቅጠቅ ዋጋ የለውም።

ውፍረትና ልክ

ለጫነ አይሱዙ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ተሳቢ ለሚገባበት 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያስፈልጋል። ለቤት መኪና የሚበቃው 10 ሳንቲ ሜትር እዚህ አይሠራም። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ግራና ቀኝ ይታሰር፤ መሬት ላይ እንዳይተኛም ከሥሩ ድጋፍ ይደረግለት።

20 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሥራ 12 ሜትር ኩብ አርማታ ይወስዳል። በ1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ልክ ሲቦካ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ገደማ ሲሚንቶ ይገባል፤ በድምሩ ወደ 86 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት መሆኑ ነው። አሸዋው ከ6 ሜትር ኩብ፣ ጠጠሩ ከ9 ሜትር ኩብ ትንሽ ይበልጣል። ለብክነት ከመቶ 5 ጨምሩ።

ውኃው ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር አካባቢ ይሁን። ሠራተኛ እንዲቀልለው ውኃ ሲያበዛ አርማታው ይደክማል። በጅቡቲና በበርበራ ዳርቻ ያላችሁ ደግሞ በባሕር ውኃ አታቡኩ፤ ጨው ፌሮውን ያዝገዋል።

ማፍሰስና ማጠጣት

በየ4 ሜትሩ መለያያ መስመር ይተው፤ መሰንጠቁ ካልቀረ በመስመሩ ላይ ይሰንጠቅ። ከበረቱ ወደ ውጭ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ይኑረው። ሽንትና እጣቢው ከውኃ ገንዳው ርቆ ወደ ጉድጓድ ይውረድ።

በቆላ ሙቀት የሚፈሰው በማለዳ ነው። ከዚያም በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ቢያንስ ለ7 ቀን፣ ሙቀቱ ከበረታ ለ14 ቀን ማጠጣት ይገባል። ፀሐይ ቶሎ ያደረቀችው አርማታ ጠነከረ ማለት አይደለም። የጫነ መኪና ከ28 ቀን በፊት አታሳልፉበት።

ኮቴ የሚይዝ ገጽ

ለስላሳ ወለል ከጭቃ አይሻልም። አርማታው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይሻከር፤ መጫኛው ላይ ደግሞ 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ይውጣለት። የግመል መዳፍ ለስላሳ ስለሆነ በእርጥብ ወለል ላይ ይንሸራተታል፤ ሲጫን አሸዋ በትኑ።

መወጣጫው በደረጃ ቢሠራ ይመረጣል፦ የደረጃው ቁመት 10፣ መርገጫው 30 ሳንቲ ሜትር። የመኪናው ወለል 1.20 ሜትር ከፍታ ካለው 12 ደረጃ፣ ማለትም 3.60 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል።

የጤናው ጥቅም

አፈር ላይ የተረጨ መድኃኒት ፋይዳው ትንሽ ነው። አርማታ ግን ይታጠባል። በመጀመሪያ ፋንድያው ተፍቆ ይታጠብ፣ ከዚያ መድኃኒቱ ይረጭ፤ ለአፍተግር 4 በመቶ የሶዲየም ካርቦኔት ውሕድ ይሠራል። የቆመ ውኃ መጥፋቱም ቀላል ነገር አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በሽታው ሳውዲ አረቢያና የመን ሲገባ ከአፍሪካ ቀንድ የሚወጣ የቁም እንስሳ እንደታገደ ታስታውሳላችሁ። አንድ የበረት በር ያን አያቆምም፤ ትንኝ የሚራባበትን ውኃ ግን ከደጃችሁ ያርቃል።

ከሥራ ተቋራጩ ጋር ስትዋዋሉ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፦ ውፍረቱ፣ በሜትር ኩብ የሚገባው ሲሚንቶና የሚጠጣበት ቀን። ውፍረቱን ከመፍሰሱ በፊት በሜትር ለኩ፤ ማታ ደግሞ ባዶ ከረጢቶቹን ቁጠሩ። ለ12 ሜትር ኩብ 60 ከረጢት ብቻ ካገኛችሁ፣ ቀሪውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ አለ ማለት ነው።