ስለ እሽቅድምድም ጎማ አመራረጥ

በብሥራተ ገብርኤል ሰፈር ልጁ የአውቶሞቢል እሽቅድምድም የወደደበት አባት ቢኖር፥ አስቀድሞ የጎማውን ነገር ይመርምር። በሜዳ ላይ በተተከሉ ምልክቶች መካከል የሚደረገው ውድድር አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚፈጅ፥ ሳይግል መሬት የሚይዝ ለስላሳ ጎማ ይሻል። በእሽቅድምድም መንገድ ደጋግሞ ለሚዞር ግን ያው ጎማ ከመጠን በላይ ግሎ ይከዳዋልና፥ ሙቀት የሚችለውን ይምረጥ።

በጎማው ጎን ዶት ከሚለው ጽሕፈት ተከትለው ከተጻፉት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች 2324 ቢሆኑ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ያረጀ ጎማ መልኩ ቢያምርም ላስቲኩ ደርቋል፤ ይህን ሻጭ ሁሉ አይናገርም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ክረምት ነው። የእሽቅድምድም ጎማ ውኃ የሚያስወጣበት ቦይ ጥልቀት ስለሌለው፥ በሐምሌ ዝናብ ውኃ በተኛበት አስፋልት ላይ አውቶሞቢሉ ይንሳፈፋል፤ መሪውም አይታዘዝም። ልጁ እናቱን ቤተ ክርስቲያን በሚያደርስበት ቀን የዘወትሩን ጎማ ያግባ።