መተማን ያላየ ሲኒማ

ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቻችን ጋር ተሰብስበን ፊልም ማየት ልማዳችን ነበረ። ገንዘብ አዋጥተን ሲኒማ ቤት የምንገባበት ቀን ጥቂት ስለ ነበረ፥ አብዛኛውን ጊዜ በማደሪያ ክፍላችን ውስጥ በአንድ ኮምፒዩተር ዙሪያ ተጠጋግተን እንቀመጥ ነበር። አንድ ማታ «ካርቱም» የተባለውን የእንግሊዝ ፊልም አይተን እንዳበቃን፥ ከመካከላችን አንድ የመተማ ልጅ «ጎርዶን ሞተ፥ ፊልሙም አለቀ። የእኛ አገር ጣጣ ግን የባሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ እርሱን ማን ያሳየናል?» ሲል ጠየቀ። መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ስለ ምዕራቡ ቆላና ስለ ጎረቤታችን ስለ ሱዳን የተሠራ ፊልም ባየን ቍጥር ያ ጥያቄ ትዝ ይለናል። ስለዚህ ለዛሬው እሑድ ከአሮጌዎቹም ከአዲሶቹም ጥቂቶቹን መርጠን አሳባችንን ባጭር ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። መለኪያችን አንድ ነው፤ ይኸውም ፊልሙ ነገሩን የሚያየው በማን ዓይን ነው? የሚል ነው።

ካርቱም

ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ ሲሆን፥ አዘጋጁ ባዚል ዲርደን ነው። ቻርልተን ሄስተን ጄኔራል ጎርዶንን፥ ሎሬንስ ኦሊቪዬ ደግሞ ፊቱን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ መሐዲን ሆነው ይጫወታሉ። የጦርነቱ ትርኢት ግዙፍ ነው፤ የሁለቱም ተዋንያን ችሎታ አይካድም። ሆኖም በፊልሙ ውስጥ ጎርዶንና መሐዲ ፊት ለፊት ተገናኝተው ይነጋገራሉ። በእውነቱ ግን እነዚህ ሁለት ሰዎች በዐይነ ሥጋ ተያይተው አያውቁም።

ለእኛ የሚከብደን ግን ይህ አይደለም። በግንቦት 1876 ዓ.ም. በዐድዋ በተፈረመው ውል፥ አፄ ዮሐንስ በደርቡሽ የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ከእንግሊዝ ጋር ተስማምተው ነበር። የዚህን ውል ዋጋ የከፈለው የእኛ ሰው ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል ነሥቶ ጎንደር ገባ፤ ከተማዪቱንም አቃጠለ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወርደው ሲዋጉ፥ ጦራቸው ለድል በተቃረበበት ሰዓት በጥይት ቈስለው ሞቱ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። እንግሊዞች ለአንድ ጄኔራላቸው ያን የሚያህል ፊልም ሲሠሩ፥ በጦር ሜዳ የወደቀው ንጉሠ ነገሥት ግን እስካሁን ካሜራውን ይጠብቃል። ፊልሙ ይታይ፤ ነገር ግን የታሪክ መጽሐፍ በአጠገብ ይቀመጥ።

አራቱ ላባዎች

እ.ኤ.አ. በ1902 ከታተመ የእንግሊዝ ልብ ወለድ የተወሰደ ታሪክ ነው። ፈሪ ተብሎ አራት ነጭ ላባ የተሰጠው መኰንን ስሙን ለማደስ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ዞልታን ኮርዳ እ.ኤ.አ. በ1939 ያወጣው ፊልም በከፊል በሱዳን ምድር ላይ የተነሣ ስለ ሆነ፥ የበረሃው ቀለምና የናይል ውኃ ዛሬም ዓይን ይማርካል። የሱዳን ሰው ግን ለእንግሊዙ ጀግንነት እንደ አጥር ቆሞ ይታያል እንጂ የራሱ አሳብ አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ2002 የህንዱ ተወላጅ ሼካር ካፑር ይህንኑ ታሪክ በሞሮኮ እንደ ገና ሠራው፤ ቅኝ ገዢዎቹንም ለመጠየቅ ሞከረ፥ ጥያቄው ግን መንገድ ላይ ቀረ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብንባል አሮጌውን እንመርጣለን።

ሂድ፥ ኑር፥ ሁን

ራዱ ሚሃይሌያኑ የተባለው በሩማንያ ተወልዶ በፈረንሳይ የሚሠራ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ፊልም ነው። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን መጠለያ ውስጥ ያለች አንዲት ኢትዮጵያዊት ክርስቲያን እናት፥ ልጅዋ ከረኃብ እንዲተርፍ ብላ ቤተ እስራኤል ነኝ ብሎ ወደ እስራኤል እንዲሄድ ከጉያዋ ትለየዋለች። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ወደ 8,000 የሚጠጉ ሲሆኑ፥ በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ደግሞ 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከጎንደር ገጠር ተነሥተው ቆላውን በእግራቸው ያቋረጡ ናቸው። ፊልሙ በመጨረሻው ረዘም ብሎ አሳብ ይበዛበታል፤ እናቲቱ ልጅዋን የምትለይበት መጀመሪያው ግን ለመርሳት አይቻልም። ባጭሩ፥ ሳያዩት መቅረት ያስቈጫል እንላለን።

በዚሁ ነገር ላይ «የቀይ ባሕር መዝናኛ» ብለን ልንተረጕመው የምንችለው የጊዴዎን ራፍ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል። የተነሣው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው። ሩጫው ያስደስታል፤ ነገር ግን በረሃውን በእግሩ ያቋረጠው ሰው ከኋላ ተደርድሮ፥ በመኪና የመጣው ሰላይ ጀግና ሆኖ ይታያል። ጊዜ ለማሳለፍ ካልሆነ በቀር አንመክርም።

ጤዛ

የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ይህ ፊልም በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት፥ በተከታዩም ዓመት በዋጋዱጉ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ከጀርመን የተመለሰው ምሁር አንበርብር በጣና አካባቢ ባለው መንደሩ ተቀምጦ ያለፈውን ያስባል፤ የመንደሩ ወጣቶች ደግሞ ለጦርነት እንዳይወሰዱ በዋሻ ይደበቃሉ። ጊዜው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚመላለስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ነገር ግን እዚህ የእናቲቱ ዝምታ፥ የገበሬው ፍርሃትና የተማረው ሰው ኀፍረት በራሳችን ቋንቋ ይናገራሉ። ምንም እንኳ መተማን ባይረግጥ፥ መተማ እንዴት ሊሠራ እንደሚገባው ያስተምራል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ዐድዋ ድል ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል። ድልን መተረክ ደስ ይላል፤ መተማን መተረክ ግን የሚያም ስለ ሆነ የበለጠ ድፍረት ይፈልጋል።

የጎረቤት ሥራዎች

የአምጃድ አቡ አላላ «በሃያ ዓመትህ ትሞታለህ» እና የሱሃይብ ጋስመልባሪ «ስለ ዛፎች ማውራት» ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ የሱዳን ፊልሞች ናቸው። የመጀመሪያው ሞቱ አስቀድሞ የተነገረበትን የአንድ ልጅ ታሪክ በዝግታና በውበት ያሳያል። ሁለተኛው አራት ሽማግሌ የፊልም ሰዎች በኦምዱርማን የተዘጋ ሲኒማ ቤት ለመክፈት ሲደክሙ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ እያሳቀ ያሳዝናል። ሁለቱንም ሳንጠራጠር እንመክራለን። አባቶቻችን የተዋጓቸው ሰዎች ልጆች እንዴት እንደሚስቁና እንደሚያዝኑ የምናየው ከእነዚህ ነው።

አንድ ቀን የመተማ ፊልም የሚሠራ ሰው ቢነሣ፥ ይህን የመጨረሻውን ነገር እንዳይረሳ እናሳስባለን። መተማና ጋላባት የሚተያዩ፥ አብረው የሚገበያዩ ከተሞች ናቸው። በ1977 ዓ.ም. የእኛ ሰዎች ከረኃብ ሸሽተው ወደ ሱዳን ተሻገሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ እኛ መጡ። ስለዚህ ታሪኩ የጠላትና የወዳጅ ብቻ አይደለም፤ ተራ በተራ የሚሰደዱና ተራ በተራ የሚያስተናግዱ የሁለት ሕዝቦች ታሪክ ነው። ደርቡሹን ጭራቅ ብቻ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም ከሠራን፥ በ«ካርቱም» ላይ ያቀረብነው ነቀፌታ ወደ ራሳችን ይመለሳል።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። ሥራውን ለመጀመር ግን የግድ ትልቅ ገንዘብ መጠበቅ አያሻም። በ1977 ዓ.ም. በሃያ ዓመታቸው ድንበሩን የተሻገሩት ዛሬ ከስድሳ አልፈዋል፤ ከአያቶቻቸው የሰሙትን የመተማን ጦርነት ወሬ የያዙትም አርጅተዋል። የዕረፍት ጊዜውን ወደ ቤተ ሰቡ የሚሄድ ተማሪ፥ በገንዳ ውኃ ወይም በመተማ ቢሮ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ በኪሱ ስልክ አለው፤ ስልኩም ድምፅና ሥዕል ይቀዳል። ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀምጦ፥ የቦታውን ስምና ዘመኑን ጠይቆ፥ ሳያቋርጥ ቢያዳምጥ፥ ነገ ፊልሙን ለሚሠራው ሰው ከሁሉ የሚበልጠውን ዕቃ አቀረበለት ማለት ነው። የእነዚህ ሰዎች ቃል ከእነርሱ ጋር ከተቀበረ በኋላ ግን ማንም አዘጋጅ ቢሆን መልሶ ሊያገኘው አይችልም።

ያ የመተማ ጓደኛችን በዚያች ማታ ለጠየቀው ጥያቄ ያን ጊዜ መልስ አጥተንለት ነበር። ዛሬ ቢጠይቀን «አንተው ጀምረው» እንለዋለን።